ቀዩ አበባ የተከፈለበት ቅዳሜ

ባለፈው ግንቦት ለሥራ ጋምቤላ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል በር ላይ አንድ ሰው ተንበርክኮ አበባ ይነቅላል። የነቀለውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በገጀራ ለሁለት ሲከፍለው ሽታው መጣ። ጥሬ ድንች ሲላጥ የሚሸተውን ይመስላል፤ ጭቃ ጭቃም ይላል። ባጃጅ እየጠበቀኝ ነበር። ሾፌሩ ሁለቴ ክላክስ አድርጎ "እህት፣ እንሂድ እንጂ!" ሲለኝ ነው ቆሜ መቅረቴን ያወቅኩት።

ሰው በዕድሜው ስንት ነገር አሽትቶ ይረሳል። ይህን ሽታ ግን መርሳት አልቻልኩም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ የዝናብ መግቢያ ሰሞን፣ ከአርባ ቀን በላይ ሰው ገድያለሁ ብዬ አምኜ ኖሬያለሁና።

ያኔ የምንኖረው እዚያው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ አስተማሪ፣ እናቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፤ ሁለቱም የጎጃም ሰዎች ናቸው። "ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን" ብለው መጥተው እኔ እዚያው ተወልጄ ሦስተኛ ክፍል ደረስኩ። እናቴ ከአገሯ ስትወጣ አያቴ ከጓሮዋ አንድ ሥር ነቅላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታት ነበር። ቅጠሉ እንደ ሙዝ ቅጠል ሰፊ፣ አበባው ደም የመሰለ ነው። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ቀዩ አበባ እያልን እንጠራዋለን። በሩ አጠገብ፣ በጡብ ስባሪ በታጠረ መደብ ላይ ነበር የተተከለው።

አያቴን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አላስታውሰውም። የምትኖርበት ገጠር ስልክ አይሠራም። አጎቴ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጣ ይደውልና ወሬዋን ያደርሳል። በመሃሉ ባሉት ቀናት እናቴን የሚያጽናናት አበባው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ቅጠሉን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ይሄ ለምልሞ ካየሁት እናቴ ደህና ናት ማለት ነው" ትላለች። ለእሷ ናፍቆት ማስታገሻ ነበር። እኔ ደግሞ ሕግ አድርጌ ያዝኩት። አበባው ደህና ከሆነ አያቴ ደህና ናት፣ አበባው አንድ ነገር ከሆነ አያቴም አንድ ነገር ትሆናለች። በልጅ ጭንቅላት ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም።

ችግሩ አበባው ማበብ ካቆመ ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉም ከዳር ዳር ብቻ ነው፤ መሃሉ ራሰ በራ ሆኗል።

ይህን መጀመሪያ ያየው ጋሽ ኦሞድ ነው። ጋሽ ኦሞድ የአባቴ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበር፤ ወደ አቦቦ መውጫ ካለ መንደር የመጣ ረጅም አኙዋክ ሽማግሌ። ከአባቴ ጋር ይዋደዱ ስለነበር አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ግቢያችን ብቅ ይላል፤ ሳይጠየቅ አረም ይነቅላል፣ ሳይጠየቅ ይተቻል። ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የሚለው። እናቴንም አንተ፣ ዶሮአችንንም አንተ። አማርኛ ለእሱ ሦስተኛ ቋንቋው ነበር፤ እኔ በእሱ ቋንቋ ውሃ እንኳ መለመን ስለማልችል ለመሳቅ መብት አልነበረኝም። ቢሆንም እስቅ ነበር።

"ይሄ አበባ ተጨናንቋል" አላት እናቴን፣ መጋቢት ላይ። "ሥር በሥር ላይ ወጥቷል። መሃሉ ሽማግሌ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ እንከፍላለን።"

"እንዴት ነው የሚከፈለው?"

"በገጀራ።"

እናቴ የስድስት ወር ሆዷን ደገፍ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ ግን ፊቷ አብሯት አልሳቀም። "የእናቴን እጅ በገጀራ? አይሆንም ጋሽ ኦሞድ። ባያብብም ይቅር፣ እንዲሁ ይኑርልኝ።"

ጋሽ ኦሞድ ትከሻውን ሰበቀና ወደ አረሙ ተመለሰ።

ቆይ፣ ስድስት ወር አልኩ እንዴ? ሰባት አልፎ ይሆናል፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወልዳለችና። የመጋቢትን ሙቀት ግን አልሳሳትም። ቀን ላይ የቤታችን ቆርቆሮ ጠሽ ጠሽ ይላል። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ገጦ ይታያል። መደቡ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ስከት እስከ ሁለተኛው አንጓዬ ይገባል። ማታ ማታ በጆግ ውሃ እያመላለስኩ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። መሬቱ ውሃውን ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ እወደው ነበር።

ከዚያ ዝናብ መጣ። የመጀመሪያው ዕለት እኛ ልጆች ጭቃ ለጭቃ ስንራገጥ ዋልን። ጋሽ ኦሞድ ግን በማግስቱ መጥቶ እጁን እስከ ክርኑ መሬት ውስጥ ከተተና ራሱን ነቀነቀ። "የመጀመሪያ ዝናብ ውሸታም ነው" አለኝ። "ላዩን ያቀዘቅዛል፤ ታች ግን እሳት ነው። ሥር ብትተክል ይቀቀላል።" እጄን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተልኝ። እውነትም ታች ይሞቅ ነበር። መትከያው ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዝናብ አልፎ፣ እጅ ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛ ሲያገኝ ነው።

ሦስተኛው ዝናብ በዘነበበት ሐሙስ እናቴ ወንድሜን ወለደች። ዓርብ ቤት ገባች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ቤቱን ያዘችው። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። የእናቴ ዘመዶች ሩቅ ስለነበሩ እናትም እህትም የሆነቻት እሷ ነበረች። ከክርስትናው በፊት አራስ ደጅ አትወጣም፤ ነፋስ አይንካት፣ ዓይን አይያት። ስለዚህ አርባ ቀን ሙሉ እናቴ መደቡን አታይም።

ይህንን ያሰላሁት ዓርብ ማታ ነው። አበባው በክርስትናው ዕለት አብቦ፣ እናቴ ወንድሜን ታቅፋ ከቤት ስትወጣ ድንገት ብታየውስ? ለወንድሜ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ነገር አምጥቷል። ባዶ እጄን የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኦሞድ መጣ። ከመምጣቱ እጁን መሬት ውስጥ ከተተ። "ቀዝቅዟል" አለ።

"ጋሽ ኦሞድ፣ ዛሬ እንክፈለው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እናት ፈቀደ?"

"ፈቅዳለች።"

"ራሱ ተናገረ?"

"ራሷ ናት ያለችኝ" አልኩት። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ ጉብታውን እንዳለ ገለበጠው። ከሥሩ ትል ወጣ፣ ጭቃ ወጣ፣ ያ ሽታም ወጣ። ሥሩ የሰው ጣቶች የተቆላለፉበት ይመስል ነበር። ጋሽ ኦሞድ በውሃ አጠበውና የት የት እንደሚቆረጥ በጣቱ አሳየኝ። "ዓይን ፈልግ" አለኝ። ዓይን የሚለው ከሥሩ ጎን የሚወጣውን ሮዝ ቡቃያ ነው። "ሦስት ዓይን ያለው ይተከላል። ከሦስት በታች ሰነፍ ነው።"

ሰባት ቦታ ከፈልነው። የተቆረጠበትን ቦታ እኔ አመድ ቀባሁት፤ "ቁስል ነው፣ ይድረቅ" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከማንጎው ጥላ ሥር በጆንያ ላይ ደረደርነው። ጋሽ ኦሞድ በመጨረሻ መሃሉን አነሳ። ከእንጨት የማይለይ ጠቆር ያለ ቋጠሮ ነበር፤ ዓይን የለውም። አንድ ጊዜ በገጀራው ጀርባ መታው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ድምፅ ሰጠ። ወርውሮ ከግቢው ጥግ የቆሻሻ ክምር ላይ ጣለው።

"እሱንስ አንተክለውም?"

"እሱ እናቱ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው። ሥራውን ጨርሷል" አለኝ።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ማምሻውን ሰባቱን ክንድ ክንድ አራርቀን ተከልናቸው። አባቴ ሲገባ አየና "እናትሽ እሺ አለች?" አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸት አንዴ በር ከከፈቱለት ቤተኛ ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ ስልክ ይዞ ቆሟል። "መቼ?" አለ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠና፣ "ነፍሷን ይማር፤ እማማን ነፍሷን ይማር" አለ። አባቴ እማማ የሚላት አያቴን ብቻ ነው።

ስልኩን ዘግቶ ሲዞር አየኝ። እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። አባቴ የማይቆጣ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጣቶቹ ክንዴ ላይ ምልክት ተዉ።

"ሰምተሻል አይደል? ለእናትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። አራስ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል። ወተቷ ከደረቀ ወንድምሽ ምን ይጠባል? ክርስትናው ይለፍና መርዶዋን በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ገባሽ?"

ገባኝ። እሱ ካሰበው በላይ ገባኝ። ቅዳሜ ቆረጥነው፣ ሰኞ አያቴ ሞተች። ያውም እናትየዋን ነው ወርውረን የጣልናት። አሁን ደግሞ አፌ ካመለጠኝ ወንድሜን እገድላለሁ።

አባቴ ወደ ቤት እንደገባ ወደ ቆሻሻው ክምር ሮጥኩ። የማንጎ ልጣጭና የሽንኩርት ገለባ በእጄ ገላልጬ ቋጠሮውን አገኘሁት። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በማንኪያ ቆፍሬ ተከልኩት። አመድ ቀባሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ ውሃ እወስድለት ነበር። ሌሎቹን ሰባቱን ዝናብ ያጠጣቸዋል፤ እሱን ግን እኔው ነኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ "እማማ፣ ይቅርታ" እለው ነበር። ከተመለሰ አያቴ ትመለሳለች፣ አጎቴም ደውሎ "ተሳስተን ነው፣ ድናለች" ይላል ብዬ አምን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በቅሎ እንደሆነ ለማየት አፈሩን እየገለጥኩ መነካካት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሥሩን ስነካው ጣቴ ውስጡ ሰጠመ። ሽታው ሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀኝም።

ሰባቱ ግን ቡቃያ አወጡ። የጠቀለለ ቅጠል ጫፍ ከመሬት ብቅ ሲል ጋሽ ኦሞድ በደስታ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። አንድ ቅዳሜ ጨንቆኝ ጠየቅኩት። "ጋሽ ኦሞድ፣ የተጣለው መሃሉ ተመልሶ ይበቅላል?"

"የትኛው? ሽማግሌው? አይበቅልም" አለ፣ አረሙን እየነቀለ። ምን እንደጠየቅኩት ከየት ያውቃል?

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር። እናቴ በጨለማው ክፍል ትራስ ተደግፋ ገንፎዋን እየበላች ስለ አጎቴ ትጠይቃለች። "ምነው ጠፋ? ሦስት ገበያ አለፈ እኮ።" አባቴ "ኔትወርክ የለም" ይላታል። በጋምቤላ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ውሸት አልነበረም። እሱን አምና ትተወዋለች። ሊጠይቋት የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። በር ላይ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና ፊታቸውን አስተካክለው "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያሉ ይገባሉ። እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆማ እንደ ወታደር ትፈትሻቸዋለች፤ ዓይኗ የቀላ ሴት አታስገባም።

በሠላሳኛው ቀን ገደማ እናቴ ጠራችኝ። ወንድሜ ጡቷን ይዞ ተኝቷል። ፀጉሬን ወደ ኋላ እያሸች፣ "ፍሬ፣ ምነው ከሳሽ? ቀናሽ በወንድምሽ?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። "እሺ አበባዬ እንዴት ናት? ዝናቡ ተስማማት?"

"ለምልማለች" አልኳት። እውነቴን ነበር።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። "ተመስገን። እንግዲያው እናቴም ደህና ናት።"

ወጥቼ ሮጥኩ። ማንጎው ሥር ደርሼ የበላሁትን በሙሉ አስመለስኩ። እትዬ ዘይነባ ደርሳ ግንባሬን ዳሰሰችና "ወባ ነው" አለች። ጤና ጣቢያ ወስደው ጣቴን ወጉኝ፤ ወባ አልተገኘብኝም።

ክርስትናው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሆነ። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ወንድሜን ታቅፋ ስትወጣ ከመደቡ ፊት ቆመች። ሰባቱም ጉልበቴ ድረስ ደርሰዋል፤ አንዱ ቀይ ምላስ የመሰለ እንቡጥ አውጥቷል። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። "ማን ነው ያስቆፈረው?" አለች። አባቴ "አንቺ ነሻ" ሲላት ወደ እኔ ዞረች። ሰው ግን ይጠብቅ ነበር፤ ቄሱም ይጠብቁ ነበር፤ ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ቀድማ ገብታ ወንድሜን ከእናቴ ዕቅፍ ወሰደችና እኔን አስታቀፈችኝ። ከኋላዋ የዕድር ሽማግሌዎች፣ የአባቴ ጓደኞች፣ ጋሽ ኦሞድ ባርኔጣውን አውልቆ። እናቴ በዚያ ማለዳ ተሰብስበው መምጣታቸውን ስታይ ማንም ሳይናገር "እናቴን?" አለች። ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት መጻፍ አልችልም።

ቀኑን ሙሉ ወንድሜን ታቅፌ የጠበቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ወተቱን። ወደ ማታ ሲያለቅስ ወደ እናቴ ወሰዱት። ጉሮሮው ላይ አፍጥጬ አየሁ። ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። ወተቷ አልደረቀም። ያን ያህል ጊዜ የፈራሁት ነገር አልመጣም፤ እኔ ግን አልቀለለኝም።

ከሣልስቱ በኋላ ለቀስተኛው ሲቀንስ እናቴ ወጥታ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተዘግቷል። "ከእነዚህ ውስጥ እናቴ የሰጠችኝ የቱ ነው?" አለችኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ውሸቱን፣ ገጀራውን፣ መሃሉን ወርውረን መጣላችንን፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ መትከሌን። "ቅዳሜ ቆረጥነው፣ ሰኞ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እማዬ" አልኳት። ከዚያ ዱላውን ጠበቅኩ።

እናቴ አጠገቧ ያለውን ቅጠል በጣቷ ነካ አደረገች። "መሃሉ መሞቱን አውቅ ነበር" አለች። "እሱን ላለማየት ነው አላስቆፍርም ያልኩት።" ከዚያ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። "ሰኞ የተደወለው ስልኩ ነው፣ ፍሬዬ። እናቴ ያረፈችው በሰሙነ ሕማማት ነው። አጎትሽ እርጉዝ ናት ብሎ ለአባትሽም ደበቀው፤ መውለዴን ሲሰማ ነው የተናገረው። እናንተ ስትቆርጡት እናቴ ከተቀበረች ወር ሊሞላት ነበር። እኔ ፋሲካ ዕለት ይሄን ቅጠል እያሻሸሁ ደህና ናት ስል ነበር እኮ።"

ሳለቅስ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አደረገችው። የተቆጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴን ጠራችው። እትዬ ዘይነባም ከማድ ቤት ወጣች፤ ጋሽ ኦሞድም ከአጥሩ ሥር ተነሳ።

"ለእኔ ወተት ብላችሁ ይህችን ልጅ ከአርባ ቀን በላይ አንቃችኋታል" አለች፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ። "እናቴን አልቀበርኩም። አልቅሼም አልሸኘኋትም። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሞት አይደበቅም። አራስም ብሆን፣ በሽተኛም ብሆን፣ የሞተ ሰው ካለ በሞተበት ቀን ይነገረኛል። እኔም እናገራለሁ።"

እትዬ ዘይነባ "ኧረ ነውር ነው፣ ወጉ አይደለም" ለማለት አፏን ከፈተችና ወደ እኔ አይታ ተወችው። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ብዙዎች በሐዘን የተናገረችው ነው፣ ይረሳል አሉ። አልረሳችውም። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ዘመዶቼ ሽማግሌ አሰናድተው፣ በማግስቱ ማለዳ ቤቴ መጥተው ሊያረዱኝ ተስማምተው ነበር። እናቴ ማንንም አልጠበቀችም። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ራሷ ደወለች።

"ፍሬ፣ ተቀምጠሻል?"

"ተቀምጫለሁ፣ እማዬ።"

"አባትሽ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተ። እጁን ይዤው ነበር። አልቅሺና ነይ፤ ሳትደርሺ አይቀበርም።"